ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ናፍጣን ይተካል? ለሐዋሳው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ላይ ዓሣ መጥበሻ ቤት አለኝ። በሳምንት ወደ 40 ሊትር ያገለገለ ዘይት እናወጣለን። ሁለት መኪና አለኝ፤ አንዱ የድሮ 5ኤል ሃይሉክስ፣ ሌላው ዲፎርዲ ነው። የናፍጣ ሰልፍ አማሮኛል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የድሮ መርሴዲስ በሬስቶራንት ዘይት ሲነዳ በቪዲዮ አይቻለሁ። የአክስቴ ልጅም አይሱዙው ላይ ዘይትና ናፍጣ ግማሽ በግማሽ እየቀላቀለ ሁለት ወር ሠርቷል፤ ምንም አልሆነም ይላል። እኔስ ልጀምር? ዘይቱን በጨርቅ አጥልዬ ብጨምረው ይበቃል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ዲፎርዲው፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዘው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ውስጥ፣ አንድ ሊትርም እንዳይጨምሩ። 5ኤሉ ላይ ይቻላል፤ በጨርቅ የተጠለለ ዘይት ግን አይበቃም። የአክስትዎ ልጅ መኪና ደግሞ «ምንም አልሆነም» የሚባልበት ጊዜ ገና አልደረሰም። አሁን ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ከገባዎት በሚቀጥለው ጊዜ ማንም ሰው በወሬ አያሳስትዎትም።

ናፍጣ ሞተር በምግብ ዘይት ይነሳል፣ ይሄዳልም። ይህ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ሐሳቡ የፈረንሳይ መንግሥት ነበር። በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለውዝ በብዛት ስለሚበቅል፣ እዚያው በተገኘው ዘይት ሞተር ማንቀሳቀስ ይቻል እንደሆነ ለማየት ፈልጎ ነው። የሞተሩ ፈጣሪ ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ ኋላ ላይ ሲናገር፣ ሞተሩ እንከን የለሽ ሆኖ ስለሠራ በዘይት መሆኑን ያወቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር ብሏል። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ዲዝል ሞተርማ ሲፈጠርም ለዘይት ነው» ይላል። ስህተት ነው። ያ ሞተር ግዙፍና ዘገምተኛ ነበር። እዚያ የታየውም ለኤግዚቢሽን ነው እንጂ ለዓመታት ጭነት ሲጎትት አይደለም። እርስዎ ማወቅ የሚፈልጉት መኪናዎ ከብዙ መቶ ሰዓት ሥራ በኋላ ውስጡ ምን እንደሚመስል ነው።

የችግሩ ሁሉ ሥር የዘይቱ መወፈር ነው። ፈሳሽ ምን ያህል እንደሚወፍር በሴንቲስቶክ ይለካል። ናፍጣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ከ2 እስከ 4.5 ሴንቲስቶክ ነው። የምግብ ዘይት በዚያው ሙቀት ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። አሥር እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ጠዋት፣ መኪናው ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት፣ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ስንቀላቅልስ? 10 በመቶ ዘይት ብቻ ቢገባ ድብልቁ ወደ 4 አካባቢ ይሆናል፤ ናፍጣ ሊደርስበት ከሚፈቀደው ብዙም አይርቅም። ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን ወደ 10 ይጠጋል። የአክስትዎ ልጅ ሞተር በየቀኑ የሚውጠው ይህን ነው።

ቁጥሩ በዓይን ሲታይ ይበልጥ ይገባል። የነዳጅ ፓምፕና ኖዝል (ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን) የሚያስተካክሉ ቤቶች ጎራ ብለው ከሆነ የኖዝል መሞከሪያዋን አይተዋት ይሆናል። ኖዝሉ ይታሰርባታል፣ ባለሙያው እጀታዋን ይጫናል። ደህና ኖዝል ናፍጣውን ብን አድርጎ ይረጨዋል። ጭርር የሚል ድምፅም ያሰማል፤ ውስጥ ያለችው መርፌ በፍጥነት እየተከፈተችና እየተዘጋች ነው። በዚያው ኖዝል ቀዝቃዛ የምግብ ዘይት ይሞክሩ። ብናኙ የለም። ዘይቱ ቀጥ ያለ ቀጭን ክር ሆኖ ወርዶ ከሥር ያለውን ዕቃ ይመታል። ጭርርታውም ይጠፋል። እጀታው ከተለቀቀ በኋላ ኖዝሉ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ሞተሩን የምታበላሸው ያቺ ጠብታ ናት። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ግለት ነው። ለማቃጠል ያለው ጊዜ ደግሞ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው። ብናኝ በዚያች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ይነዳል። ጠብታ ግን ላይ ላዩን ይነድና ውስጡ ሳይነድ ይቀራል። ከቀረው የተወሰነው እዚያው ኖዝሉ ጫፍ ላይ ጠጣር ከሰል ሆኖ ይጋገራል። ከሰሉ ሲከማች አረጫጨቱ ይበላሻል፣ አረጫጨቱ ሲበላሽ ሌላ ከሰል ይጨምራል። የተወሰነው የሲሊንደሩን ግድግዳ መትቶ ወደ ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን ወደከበቡት ቀለበቶች ይወርዳል። እዚያ ቦያቸው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ያጣብቃቸዋል። የተጣበቀ ፋሻ አየር አይዝም። ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል፣ ጭሱ ይለወጣል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ፋሻውን አልፎ ኮፓ ውስጥ፣ ማለትም የሞተር ዘይቱ ከሚቀመጥበት የሚገባው ዘይት። ናፍጣም ትንሽ ትንሽ ወደዚያ ይገባል፤ ሞተሩ ሲግል ግን አብዛኛው ተንኖ ይወጣል። የምግብ ዘይት አይተንም። ናፍጣ ተን አውጥቶ እሳት ለመያዝ ከ55 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይበቃዋል፤ የምግብ ዘይት ግን ከ220 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮፓ ውስጥ የገባው እዚያው ይቀራል፣ ይጠራቀማል። ከዚያ ሙቀቱና አየሩ ይለውጡታል። የመጥበሻ ብረት ምጣድዎን ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ያ በሳሙናም በፈላ ውሃም የማይለቅ፣ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ቅርፊት ከዘይት የመጣ ነው። ሞተር ውስጥም የሚሆነው ያው ነው። የሞተር ዘይቱ ለሳምንታት ደህና ይመስላል። ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይወፍርና ወደ ዝልግልግ ነገር ይለወጣል። የዘይት ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ያለ ዘይት ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ግሪፕ ያደርጋል፣ ተጣብቆ ይቆማል።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከነዳጅ ዋጋው ቀውስ በኋላ፣ በአሜሪካም በሌሎች አገሮችም የምግብ ዘይት በትራክተር ሞተሮች ላይ በሰፊው ተፈትኗል። አምራቾቹ ለዚሁ ብለው የ200 ሰዓት ፈተና አዘጋጁ። ጥሬ ዘይት፣ ማለትም በኬሚካል ያልተለወጠው የምግብ ዘይት፣ ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ሞተሮች ላይ ደጋግሞ ወደቀ። የታየውም ከላይ የዘረዘርኩት ነው፤ የኖዝል ከሰል፣ የፋሻ መጣበቅ፣ የሞተር ዘይት መወፈር። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ሁሉም ሞተሮች ደህና ይሠሩ ነበር።

ቪዲዮው ላይ ያዩት ሰው ለምን ተሳካለት? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የሚፈለጉት የድሮዎቹ 240ዲ እና 300ዲ መርሴዲሶች ናቸው። እነዚህ ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ አይረጩም። መጀመሪያ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) ውስጥ ያለች ትንሽ ጓዳ ውስጥ ይረጩታል። ጓዳዋ በጣም ስለምትግል ደካማ ብናኝንም ታቃጥላለች። ሁለተኛ፣ ፓምፓቸው ሲሊንደር በሲሊንደር በረድፍ የተሠራ ነው፤ ቅባቱንም የሚያገኘው ከሞተር ዘይት ነው። ወፍራም ነዳጅ ቢመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ በደንብ የሚሠሩት ሁለት ታንከር አላቸው። መኪናው በናፍጣ ይነሳል። የሞተሩ ውሃ ሲግል በተለየ ቧንቧ ሄዶ የምግብ ዘይቱን ወደ 70 እና 80 ዲግሪ ያሞቀዋል። ያኔ ብቻ ወደ ዘይት ይቀየራል። ከመቆሙ በፊት ደግሞ ወደ ናፍጣ ይመለስና መስመሩ ይጸዳል። ቪዲዮው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ዘይት ሲቀዳ ነው፤ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ቧንቧ አያሳይም። ይህም ሆኖ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጥሬ የምግብ ዘይትን የመኪና ነዳጅ አድርጎ አልመዘገበውም።

አሁን ወደ እርስዎ መኪኖች። 5ኤሉ እንደ መርሴዲሱ ጓዳ ያለው ሞተር ነው። አየሩን የሚያምቀው 22 ለ1 ገደማ ስለሆነ ግለቱ ጥሩ ነው፤ ኖዝሉም በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነው። ዘይት ከሚችሉት ወገን ነው ማለት ይቻላል። ደካማ ጎኑ ፓምፑ ነው። የሱ ፓምፕ የሚሽከረከር ዓይነት ነው፤ ቅባቱን የሚያገኘው ከሚያልፍበት ነዳጅ ብቻ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት ሲመጣበት ዘንጉ ይጨነቃል። ዘይቱ ውሃ ወይም አሲድ ካለው ደግሞ ውስጡን ያዝገዋል። ፓምፕ አውርዶ ያሠራ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ዲፎርዲው ሌላ ዓለም ነው። ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ አምቆ ነው የሚረጨው። የኢንጀክተሮቹ (የሱ ኖዝሎች ናቸው) ቀዳዳ ዓይን የማይለየው ነው፤ ክፍሎቹም እርስ በርስ የሚገጥሙት በሚሊሜትር ሺኛ ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚመጥነው ናፍጣ ነው ብሎ አምኖ ነው። አሲዳማ፣ ጨዋማ፣ ውሃ ያዘለ የመጥበሻ ዘይት እዚያ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄዱት ኢንጀክተሮቹ ናቸው። አራቱን ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ከዘይቱ ከሚተርፈው በብዙ ይበልጣል። ለዚህ ነው አንድ ሊትርም አይሆንም ያልኩት።

አይሱዙው ነዳጁን ቀጥታ ይረጫል፣ ጓዳ የለውም። ከሦስቱ ፋሻና ኮፓ ላይ በፍጥነት የሚጎዳው እሱ ነው።

ቦታውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ የሚታመቀው አየር ግፊትም ይቀንሳል፤ ዘይት ደግሞ ከናፍጣ ይልቅ ለመቀጣጠል ይዘገያል። በዚያ ላይ የአጠቃቀም ሁኔታ አለ። ዘይት የሚስማማው ጭነት ይዞ፣ ግሎ፣ ሳይቆም ለሚሠራ ሞተር ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ በላይ ትራክተሮች በጥሬ የጎመን ዘር ዘይት እንዲሠሩ ተለውጠው በጥናት ሲከታተሏቸው፣ የተመረጠው ማሽን ትራክተር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በጭነት ስለሚያርስ ነው። እዚያው ሐዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል እስከ ገበያ ሄዶ የሚጠፋ፣ ከዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚንተከተክ መኪና ለዘይት ከሚሆኑት ሁሉ የመጨረሻው ነው።

ስለ ጨርቁ ጠይቀውኛል። የጀርመኑ ዲን 51605 የሚባለው የጎመን ዘር ነዳጅ መስፈርት በአንድ ኪሎ ዘይት ውስጥ ከ24 ሚሊግራም የበለጠ ቆሻሻ አይፈቅድም። ውሃው ደግሞ ከ0.075 በመቶ ማለፍ የለበትም። ይህ ለሰው ምግብ ላልዋለ፣ ከመጭመቂያ ለወጣ ንጹህ ዘይት ነው። የእርስዎ ዘይት ዱቄት አለው፣ ጨው አለው፣ ከዓሣው የወጣ ውሃና ስብ አለው። ጨርቅ ፍርፋሪውን ይይዛል። ጨውና ውሃ ግን ያልፋሉ፤ ፓምፑን የሚበሉት ደግሞ እነዚያ ናቸው። በተደጋጋሚ ሲግል የቆየ ዘይት አሲዱም ይጨምራል።

የዘይቱ ዓይነትም አንድ አይደለም። ገበያችን ውስጥ መጥበሻ ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙት ያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። በባሕርይው ቶሎ አይጣበቅም፤ ጥሩ ጎኑ ይህ ነው። ግን ጠዋት ጀሪካኑን ሲያዩት ረግቶ ነው። ያው ነገር ፊልትሮ ውስጥና የነዳጅ መስመር ውስጥ ይረጋል። ኑግና ሱፍ ደግሞ አይረጉም፤ ግን በአየርና በሙቀት ቶሎ ይጣበቃሉ። ይህን የሚለካው የአዮዲን ቁጥር ነው። ፓልም 50 አካባቢ ነው፣ ኑግና ሱፍ 130 አካባቢ፣ ተልባ ደግሞ ከ170 በላይ። ያ የጀርመኑ መስፈርት ከ125 በላይ አይቀበልም። የተልባ ዘይት ለቀለም የሚፈለገው ስለሚደርቅ ነው፤ ሞተር ውስጥ ግን ያ ጥፋት ነው። የዓሣ ስብም ከሚጣበቁት ወገን ስለሆነ፣ የእርስዎ ዘይት ፓልም ቢሆን እንኳ ከድንች መጥበሻ ዘይት ይልቅ ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ሰምተው «እሺ፣ ግን 5ኤሉ ላይ መሞከሬ አይቀርም» ካሉ፣ እንዲህ ያድርጉ። ዘይቱን በፕላስቲክ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ያጠራቅሙ። መዳብ፣ ነሐስና የቆርቆሮ ዚንክ ዘይቱን ያበላሹታል። ሁለት ሳምንት ያህል ሳይነቀነቅ ይቀመጥ። ከሥር ያለውን ተዉት፣ ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ። ወደ 60 ዲግሪ አሙቀው በጨርቅ፣ ከዚያ በ5 ማይክሮን ፊልትሮ ያሳልፉት። ውሃ መኖሩን ለማወቅ ጥቂቱን በንጹህ መጥበሻ ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ ያሙቁት። ከተንጣጣ ወይም አረፋ ካወጣ ውሃ አለው፤ አይጨምሩት። ሲደባለቅ ከ10 በመቶ አይለፉ። የሞተር ዘይቱን ከወትሮው ኪሎ ሜትር በግማሹ ይቀይሩ፣ መለኪያውን ብረት በየሳምንቱ እየመዘዙ ይዩ። የዘይቱ ልክ ከፍ ካለ ወይም በጣትዎ ሲያሹት ካጣበቀ ወዲያውኑ ያቁሙ። ከዚህ በላይ መጨመር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ታንከርና ማሞቂያ ያስፈልገዋል፤ ሐዋሳና አዲስ አበባ ለሚመላለስ መኪና ያዋጣ ይሆናል፣ ለከተማ ውስጥ አያዋጣም።

ዘይቱን ለማቅጠን ቤንዚን የሚጨምሩ አሉ። በፍጹም አይሆንም። የታንከሩ ተን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ይሆናል፣ ፓምፑም ቅባት ያጣል።

የተሻለው መንገድ ዘይቱን ባዮዲዝል ማድረግ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከፓሪሱ ኤግዚቢሽን 37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በብራሰልስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሻቫን የተባለ ሰው ከኮንጎ የሚመጣውን የፓልም ዘይት በአልኮል ለውጦ ለሞተር ማዋልን ቤልጅየም ውስጥ በፓተንት አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት በብራሰልስና በሉቨን መካከል አንድ የሕዝብ አውቶቡስ በዚህ ነዳጅ ተመላልሷል። ደቡብ አፍሪካም በነዳጅ ማዕቀብ ዘመን የሱፍ ዘይትን በትራክተር ሞክራ ወደዚሁ መንገድ ነው የመጣችው። ጥሬ ዘይት ከሞከሩት የብዙዎቹ መጨረሻ ይህ መሆኑ ለኔ ትልቅ ነገር ይነግረኛል።

አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የዘይት ሞለኪውል ከአንድ ግሊሰሪን ጋር የተያያዙ ሦስት ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ሜታኖልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመር ግሊሰሪኑ ይላቀቃል፤ ሰንሰለቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። የቀረው ፈሳሽ ቀጭን ነው፣ ከ3.5 እስከ 5 ሴንቲስቶክ። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ያህል ሜታኖል ይገባል፤ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል። ግሊሰሪኑ ከሥር ይዘቅጣል። ከላይ ያለው ይታጠባል፣ ይደርቃል።

ግን በወጥ ቤት የሚሠራ አይደለም፤ ይህን በጣም በአጽንዖት ነው የምናገረው። ሜታኖል መርዝ ነው። ትንሹ ዓይን ያሳውራል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ይገድላል። ተኑ ይነዳል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ይልጣል። ምድጃ ያለበት፣ ሠራተኛ የሚገባና የሚወጣበት መጥበሻ ቤት ውስጥ አንድ ጄሪካን ሜታኖል ሲቀመጥ ማሰብ አልፈልግም። አንዳንዱ «በአረቄ አይሆንም?» ይላል። አይሆንም፤ አረቄም የፋርማሲ አልኮልም ውሃ አላቸው። ውሃ ካለ የሚወጣው ነዳጅ ሳይሆን ሳሙና ነው።

ስለዚህ ሥራው ለአንድ መኪና ባለቤት ይከብዳል። ሐዋሳ ውስጥ ያሉ ሆቴሎችና ዓሣ ቤቶች ዘይታቸውን በአንድ ላይ ሰብስበው፣ ኬሚስት ቀጥረው፣ ላብራቶሪ ያለው አነስተኛ ጣቢያ ቢያቋቁሙ ግን ነገሩ ይለወጣል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ስታወጣ ለባዮዲዝል ዓይኗን የጣለችው ዘይት በሚሰጡት ጃትሮፋና ጉሎ በሚባሉ ተክሎች ላይ ነበር። አዲስ መሬት፣ አዲስ ተክል፣ ረጅም መጠበቅ። ያገለገለ ዘይት ግን መሬት አይፈልግም። ዛሬ በየቱቦው ይፈሳል፤ የባሰው ደግሞ ተመልሶ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ከሚሄድ ነዳጅ ቢሆን ምንኛ በወደድኩ።

ሒሳቡንም በራስዎ ይሥሩት። ከ40 ሊትሩ ውስጥ ከዝቃጩና ከውሃው በኋላ 30 ሊትር ያህል ንጹህ ቢያገኙ ጥሩ ነው። በሊትር ሲታይ ጉልበቱ ከናፍጣ 4 እና 5 በመቶ ያንሳል። ይህን በናፍጣ ዋጋ ያባዙት፣ ፊልትሮውን፣ የሞተር ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየሩንና የሠራተኛውን ሰዓት ይቀንሱ። የቀረውን ከአንድ የፓምፕ ጥገና ዋጋ ጋር ያስተያዩት። አዲስ ዘይት ገዝቶ መኪና ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። የ5 ሊትሩን ጀሪካን ዋጋ ለ5 ያካፍሉት፤ ከናፍጣ ይበልጣል።

የሰልፉ ምሬት ይገባኛል። በእኔ ግምት ግን 5ኤሉን ኖዝሎቹን አስመርምረው፣ የአየር ማጣሪያውን ቀይረው፣ የጎማውን ነፋስ አስተካክለው ቢነዱት ያለ ምንም ስጋት ጥቂት ናፍጣ ያተርፋሉ። ዘይቱን ደግሞ ለሳሙና የሚፈልጉ አሉ።

የአክስትዎን ልጅ ዛሬውኑ ይደውሉለት። መቀላቀሉን ያቁም። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ድብልቅ ያውጣው። የሞተር ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን የኪሎ ሜትሩን ቀን ሳይጠብቅ ይቀይር፤ ሲያፈስሰው ዘይቱ እየተጎተተ ከወረደ ወይም የዝልግልግ ቁራጭ ካለው፣ ኮፓውን አስወርዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ያሳይ። ደህና ከሆነ በንጹህ ናፍጣ፣ ጭነት ይዞ፣ ረዘም ያለ መንገድ ይሂድበት። ከዚያ አራቱን ኖዝሎች አስፈትቶ መሞከሪያው ላይ ያሳስራቸው። ብን ብለው ከረጩ ዕድለኛ ነው። ክር ሆኖ የሚወርድ ካለ ግን ያ ኖዝል ሳይሠራ ተመልሶ እንዳይታሰር። ጠዋት ለመነሳት ማስቸገር ከጀመረ ደግሞ ኖዝሉ ብቻ አይበቃም፤ የሲሊንደሮቹን እመቃ በመለኪያ ያስለካ።